ታቦት የሌለበት ጸሎት ቤት

ታቦት ያልገባበት ቤት የቱንም ያህል ቢያምር አዳራሽ ነው፤ እኛ ጋ ሕጉ እንዲህ ነው። በልጅነቴ ደብረ ታቦር ዲቁና ስቀበል ይህን ከመምህሬ አፍ ብቻ ሳይሆን በሰውነቴም ተምሬዋለሁ። ከእህል ከውኃ ሳልከለከል፣ ጫማዬን ሳላወልቅ መቅደስ አልገባም ነበር።

የእኅቴ ልጅ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ግቢው ውስጥ ያለውን የአንድሩ ራንኪን መታሰቢያ ጸሎት ቤት አሳየችኝ። ሰው ከነጫማው ይገባል። ስብከቱም፣ ሰርጉም፣ የምሁራን ንግግሩም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ እንዲህ ሁሉን የሚያስተናግድ ቤት ቅዱስ ሊባል ይችላል?

ቀይ የጡብ ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1895 ነው፤ በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና 30 ዓመቱ ነበር። በ1930ዎቹ ቤቱን የመራው ሰባኪው ሃዋርድ ተርማን፣ አያቱ በባርነት የኖረች ሴት ናት። ይህ ሰው በ1935 ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሄዶ ሳለ አንድ የሕግ ሰው አፋጠጠው፦ ወገኖችህን የሸጡት ክርስቲያኖች ሆነው ሳለ አንተ እንዴት ክርስቲያን ትሆናለህ? ጥያቄው እኛንም ይነካል፤ በዚያው ዓመት አገራችንን የወረረው ጦር የተላከው ከክርስቲያን አገር ነበር። ተርማን የሰጠውን መልስ በ1949 በመጽሐፍ አሳተመው። ማርቲን ሉተር ኪንግም በኋላ ራንኪን ውስጥ ሰብኳል።

እኛም ብንሆን የዓለምን ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን አላራቅንም፤ ስፍራ ለየንለት እንጂ። ደጀ ሰላሙ ጠበል ጻዲቅ ይቀመስበታል፣ ዛፉ ሥር ሽማግሌ ባለ ደም ያስታርቃል፣ በሩ ላይ ነዳያን ይቀመጣሉ። መቅደሱ ግን ለቁርባን ብቻ ነው። ራንኪን እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰባቸው።

የአንድ ስፍራ ቅድስና የሚለካው ከገባው ሰው በሚፈልገው ነገር ይመስለኛል። የእኛ መቅደስ ገና በሩ ላይ ንጽሕና ይጠይቀናል። ራንኪን ውስጥ ደግሞ ሰባኪው ስለተበደለው ወንድምህ ይጠይቅሃል። ሁለቱም ጥያቄዎች ማምለጫ አላቸው፤ ጫማውን አውልቆ ቂሙን ይዞ የሚያስቀድስ ሰው አውቃለሁ፤ የጸሎት ቤቱን ባለ ቀለም መስኮቶች ለፎቶ ብቻ የሚፈልግ ሙሽራም አይጠፋም። ሰርግ መደረጉ ቤቱን አያረክሰውም፤ ጌታም ቃና ዘገሊላ ታድሟል። የሚያረክሰው፣ የገባው ሁሉ ምንም ሳይጠየቅ መውጣቱ ነው።

ሥጋ ወደሙን የምቀበለው ታቦት ባለበት ነው፤ በዚህ አልደራደርም። የእኅቴ ልጅ ግን አንድ ቀን ተክሊልንም ሆነ ራንኪንን ብትመርጥ፣ ከድግሱ ዝርዝር በፊት የምጠይቃት ቤቱ ከእርሷ ምን እንደፈለገ ነው።