ላልደረሰ አደጋ ማን ያመሰግናል?

አንድ ሰው ቃል የተገባልህን ነገር ቢከለክልህ፣ የከለከለህም አንተ ከማታየው አደጋ ሊጠብቅህ ቢሆን፣ በድሎሃል ወይስ ባለውለታህ ነው? “ባለውለታዬ ነው” ብሎ መመለስ ቀላል ነው፡፡ ይሁንና አደጋው ሳይደርስ ሲቀር፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ስታበራ፣ ይህ መልስ ከአንደበታችን እንዴት እንደሚጠፋ በባሕር ላይ ለመታዘብ ችያለሁ፡፡

በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቼ ጋብዘውኝ በኤጂያን ባሕር ላይ በሚጓዝ የሽርሽር መርከብ ተሳፍሬ ነበር፡፡ የዕለቱ መድረሻችን ሳንቶሪኒ የተባለችው የግሪክ ደሴት ነበረች፡፡ ማለዳ ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ፣ ነፋሱ ስለበረታ ወደ ደሴቲቱ እንደማንወርድና ቀኑን በባሕር ላይ እንደምናሳልፍ አስታወቀ፡፡ ወዲያው ጉርምርምታ ተነሳ፡፡ የአክስቴ ልጅ ሳይቀር፣ “ወንድሜ፣ ደሴቲቱ እኮ ትታያለች! መርከቡም አልተናወጠም፡፡ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልነው ለዚህ ነው?” አለኝ፡፡

ለመሆኑ ካፒቴኑ ያየው ምንድን ነው? ሳንቶሪኒ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች የሚጠጉበት ወደብ የላትም፡፡ መርከቡ በጥንት እሳተ ገሞራ በተፈጠረው ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይቆማል፤ ተሳፋሪው በትናንሽ ጀልባዎች ተጭኖ ከገደሉ ሥር ይደርሳል፡፡ በበጋ ወራት ከሰሜን የሚነፍሰውና ግሪኮች ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም ይበረታል፡፡ ግዙፉን መርከብ የማይነቀንቅ ማዕበል ጀልባዋን ወደ ላይና ወደ ታች ያንጣታል፡፡ አደጋው እንግዲህ ከመርከቡ ወደ ጀልባዋ በሚሻገሩባት አንዲት እርምጃ ላይ ነው፡፡ ያችን እርምጃ ከሚራመዱት መካከል ምርኩዝ የያዙ አዛውንቶችና ሕፃን የታቀፉ እናቶች አሉ፡፡ ጠዋት በሰላም ቢወርዱ እንኳ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቢብስ ማን ይመልሳቸዋል?

“ከፍያለሁ” ለሚለው ክርክር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች የተናገሩት ምሳሌ በቂ መልስ ነው፡፡ ከታች ያሉት ውኃ ሲቀዱ ከላይ ያሉትን ላለማስቸገር በራሳቸው ድርሻ በኩል መርከቡን ሊበሱ ያስባሉ፡፡ ሐሳባቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ድርሻውም የራሳቸው ነበር፡፡ ግን ቢተዋቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ ቢከለክሏቸው ሁሉም ይድናሉ፡፡ ከታይታኒክ መስጠም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 የተጀመረው ሶላስ የተባለው የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነትም፣ ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት ደኅንነት ያስፈልጋል ብሎ በሙያው የወሰነውን የመርከቡ ባለቤት እንኳ እንዳያግደው ይደነግጋል፡፡ ባለቤቱ ያልተፈቀደለትን ቲኬት የቆረጠ መንገደኛ ከየት ያመጣዋል?

ይህ ሲባል ግን የካፒቴን ቃል አይመረመርም ማለት አይደለም፡፡ ሥልጣኑ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ያስጠይቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ቫይኪንግ ስካይ የተባለው የሽርሽር መርከብ 1,373 ሰዎችን ይዞ በኖርዌይ ጠረፍ በማዕበል መካከል ሞተሮቹ ጠፉበት፡፡ ከድንጋይ ጋር ሊላተም ጥቂት ሲቀረው ተረፈ፤ 479 ሰዎች በሄሊኮፕተር ተነሱ፡፡ የኖርዌይ መርማሪዎች በ2024 ባወጡት ሪፖርት የሞተሮቹ ቅባት ዘይት መጠኑ ዝቅተኛ እንደነበርና መርከቡ በዚያ ሁኔታ ከትሮምሶ መነሳት እንዳልነበረበት ገለጹ፡፡

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ፡፡ በዚያ መርከብ ላይ አንድም ሰው አልሞተም፤ ይህ ግን ጉዞውን ትክክል አላደረገውም፡፡ በእኛ መርከብም ላይ ምንም አልደረሰም፤ ይህም የካፒቴኑን ውሳኔ ስህተት አያደርገውም፡፡ ሰው የሚመዘነው በውሳኔው ሰዓት በሚያውቀውና ባደረገው ጥንቃቄ ነው፤ ውጤቱ የአላህ (ሱ.ወ) ነው፡፡ ከካፒቴኑ ልንጠይቅ የሚገባን እውነቱን ቶሎ እንዲነግረን፣ ላልወረድንበት ወደብ የተከፈለውም ቀረጥ እንዲመለስልን ነው፡፡ ከዚያ ያለፈው ቁጣ ነው፡፡

ደግሞስ በዚያ ቀን በእርግጥ የከሰረው ማን ነው? እኛ የቀረብን ለዓይን የሚያምር ነጭ ከተማ ማየት ነው፡፡ የደሴቲቱ ጀልበኛ፣ ባለበቅሎና ባለሱቅ ግን የዕለት ገቢያቸው ቀርቷል፡፡ መንገደኛው ሲወርድ ትንሽ የሚያርፈው አስተናጋጅም ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ዋለ፡፡ ከእነዚህ አንዳቸውም ሲጮሁ አልሰማሁም፡፡

ቁርኣን ማዕበል ሲከባቸው አላህን በጥራት ስለሚለምኑ፣ የብስ ሲደርሱ ግን ስለሚዘነጉ ሰዎች በተደጋጋሚ ያወሳል፡፡ እነዚያ ቢያንስ ማዕበሉን አይተዋል፡፡ ማዕበሉ ከሩቅ የተመለሰለት ሰውስ? ልመናም የለው፣ ምስጋናም የለው፤ ያለው ስሞታ ብቻ ነው፡፡

በጣርማበር ጉም ውስጥ “አልነዳም፣ እስኪገልጥ እንቆያለን” የሚለውን ሾፌር የምንሰድበው፣ “ይህ ቀዶ ጥገና ይቆይ” ያለውን ሐኪም ሰነፍ የምንለው በዚሁ ልማዳችን ነው፡፡ አንባቢ ሆይ! ዛሬ ማታ ቤትህ በሰላም ስትገባ፣ በቀኑ ውስጥ “አይሆንም” ያለህን ሰው አስታውሰው፡፡ ምናልባት ሹክርህ የሚጀምረው ከዚያ ሰው ላይ ይሆናል፡፡ ወላሁ አዕለም፡፡