በሽታውን የደበቁበት

ትልልቆቻችን ሲጸልዩ ረጅም ዕድሜ ብቻ አይለምኑም። «አሟሟቴን አሳምረው» ይላሉ። ምን ማለትዎ ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሱ አጭር ነው፤ የአልጋ ቁራኛ አታድርገኝ፣ ከሰው እጅ አትጣለኝ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ልመና ውስጥ የቀን ብዛት አልተነሣም። የተነሣው ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ነው። መቼም ከሞት ይበልጥ ሌሊት ሽንት ቤት የሚያደርሰውን ሰው መቀስቀስ የሚያስጨንቀው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ይህ ጸሎት አንድ የሕክምና ጥያቄ ላይ ሲያርፍ ከባድ ይሆናል። ከጡት፣ ከሳንባ ወይም ከፕሮስቴት የተነሣ ካንሰር በደም ተጉዞ አከርካሪ አጥንት ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። የአእምሮን ትእዛዝ ለእግር የሚያደርሰው፣ ሽንትንም የሚቆጣጠረው ሕብለ ሰረሰር የሚያልፈው በዚያ አጥንት መካከል ባለች ጠባብ ቦይ ነው። ዕጢው ሲያድግ ወይም የተበላው አጥንት ሲሰበር ሕብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። መጀመሪያ የጀርባ ሕመም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሲተኙ የሚብስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ሕመም። ከዚያ እግር ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፣ ሽንት እምቢ ይላል። እግር ከከበደ በኋላ ሙሉ ሽባነት ለመምጣት አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይበቁታል። ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ቁም ነገር አለ፦ ከሕክምናው በኋላ የሚራመደው በአብዛኛው ሕክምናው ሲጀመር ገና እየተራመደ የነበረው ሰው ነው።

ሐኪሙ ታዲያ ምን ያደርጋል? እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል፣ ጨረር ያዛል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። ቀዶ ሕክምናው ለረጅም ጊዜ ጥሩ ስም አልነበረውም። የድሮው ዘዴ የአከርካሪውን የኋላ ክፍል ብቻ ከፍቶ ለሕብለ ሰረሰሩ ቦታ መስጠት ነበር፤ ዕጢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከፊት በኩል ነው። ስለዚህ ተቀዶም ያው፣ ጨረር ብቻ ወስዶም ያው ሆነና ብዙዎች ቀዶ ሕክምናውን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር ሮይ ፓቼልና ባልደረቦቻቸው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነገሩን ቀየረው። ዕጢውን ካለበት ድረስ ሄዶ ማንሣትና አስፈላጊ ሲሆን አከርካሪውን መደገፍ፣ ጨረሩን ደግሞ ማስከተል፤ ዘዴው ይህ ነበር። በጥናቱ ከገቡት 101 ሰዎች ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶው፣ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም ካገኙት 84 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ቻሉ። በእግራቸው የሄዱበት ጊዜ በመካከለኛ ስሌት ለመጀመሪያዎቹ 13 ቀን፣ ለሁለተኛዎቹ 122 ቀን ሆነ።

ዕድሜስ? በመካከለኛ ስሌት 100 ቀንና 126 ቀን ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀዶ ሕክምናው ለሰዎቹ የጨመረላቸው ዕድሜ ትንሽ ነው። አብዛኞቹን ግን እስከ ሕይወታቸው ማብቂያ ድረስ በእግራቸው አስኪዷቸዋል። ያ የሽማግሌዎች ጸሎት የሚለምነውም ይህንኑ አይደል?

ግን ለሁሉም አይሆንም። ጥናቱ የተመረጡ ሰዎችን ነው ያየው፤ ቢያንስ ሦስት ወር ይኖራሉ ተብለው የተገመቱ፣ ጫናው በአንድ ቦታ ብቻ የሆነ፣ ሽባ ከሆኑም 48 ሰዓት ያላለፋቸው። አቅሙ ለደከመ፣ ሕመሙ ብዙ ቦታ ለተሰራጨ፣ ወይም ካንሰሩ ለጨረር ቶሎ ለሚበገርለት ሰው ጨረሩ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ራሱም አደጋ አለው፤ ደም መፍሰስ አለ፣ ቁስል ማመርቀዝ አለ፣ ከቀሪው አጭር ዕድሜ ሳምንታትን ሆስፒታል ማሳለፍ አለ። ገንዘብም አለ። በእኛ አገር ደግሞ ወረፋ አለ፤ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር የሚረሳ የለም።

እንግዲህ ለአራት ወር መራመድ ይህ ሁሉ ይገባል ወይ? ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «ላይቀርላት ሞት ምን ያሠቃያታል? በሰላም ትረፍ» ይላል። ሌላው «ነፍስ እስካለች ድረስ ቤትም ቢሆን ይሸጣል» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሁለቱንም የሚናገሩት በእግራቸው የቆሙ ሰዎች ናቸው።

አንዲት የሠፈራችን እናት ነበሩ። ጡታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ያኔ የተነገራቸው «እባጭ ነው» ተብሎ ነው። ጀርባቸውን ሲያማቸው «ብርድ ነው» ተባለ፤ ወጌሻም አሻቸው። እግራቸው መጎተት ሲጀምር ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሙ ልጆቻቸውን ጠርቶ ነገሩን ዘረዘረላቸው፤ ቀዶ ሕክምና ይቻላል፣ አደጋ አለው፣ ግን ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም አላቸው። ኮሪደር ላይ ምክር ተጀመረ። አሜሪካ ያለው ትልቁ ልጅ በስልክ «ለእማዬ እንዳትነግሯት፣ ድንጋጤው ይገድላታል» አለ። ሁለት ቀን ተመከረ። በሦስተኛው ቀን እግራቸው ጨርሶ አልታዘዝ አለ። ለእሳቸው «ሪህ ነው» ተባለ፤ አምስት ወርም በአልጋ ላይ ቆዩ።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ልጆቹ ቡና ሊያፈሉ ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሪህ ነው ይሉኛል» አሉኝ። «እኔም እሺ እላለሁ፤ እነሱ እንዳይጨነቁብኝ ብዬ ነው። ግን አየህ፣ ጓሮ ድረስ በገዛ እግሬ ብሄድ ይበቃኝ ነበር። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ቢቀደዱ ኖሮ ይድኑ ነበር እያልኩ አይደለም። ምናልባት ተነግሯቸው «ቢላዋ አይነካኝም» ይሉ ይሆናል፤ ያም የእሳቸው ነበር። ለአንዱ አራት ወር መራመድ የልጅ ሠርግ ማየት ነው፣ ለሌላው ቤተ ክርስቲያን መሳለም ወይም መስጊድ መድረስ፣ ለእኚህ እናት ጓሮ። የእነዚህን ዋጋ ሐኪም አያውቀውም፣ ልጅም አያውቀውም። ሚዛኑ ያለው ቀኑን በሚኖረው ሰው እጅ ነው። በሽታውን ስንደብቅበት ሚዛኑን አብረን እንወስድበታለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። የተነገረው ለበሽተኛው ነው። በሽታውን የደበቁበትስ? ለእሱ ተረት አላበጀንለትም።

መደበቃችንን ብዙ ሰው ከመርዶ ባህላችን ጋር ያያይዘዋል። እኔ ግን መርዶ የሚያስተምረው ሌላ ይመስለኛል። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ቅርብ ዘመድ ይመጣል፣ ማልዶ በር ይንኳኳል፣ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። በመጨረሻው ግን ይነገራል። ሳይነገር የሚቀር መርዶ የለም። ጥበቡ እውነቱን በሰው መሃል ማውረድ ነው። ለታመመ ሰው ስንሆን ግን ክንዱን እንይዝና እውነቱን እንተወዋለን።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ ታሪክ ነው። እየሞተ ያለውን ዳኛ ከሕመሙ የባሰ የሚያሠቃየው ቤተሰቡም ሐኪሞቹም የሚዋሹት ውሸት ነው። የማይዋሸው ጌራሲም የሚባለው የገበሬ ልጅ፣ አገልጋዩ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን የጌታውን እግሮች በትከሻው ደግፎ ይቀመጣል። እግር የሚደግፈውና እውነት የሚናገረው አንድ ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

ማወቅ የማይፈልግ ሰውስ? አለ፤ መብቱም ነው። ግን እሱም ቢሆን መጠየቅ አለበት፤ «ምን ያህሉን ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ማን እንዲወስንልሽ ትፈልጊያለሽ?» ተብሎ። «ለልጄ ንገሩ፣ እኔን ተዉኝ» ካለች ወሰነች ማለት ነው። ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት ደግሞ እግር ሳይከብድ ነው፤ ከከበደ በኋላ ለምክር የሚተርፍ ጊዜ የለም። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው ሌሊት የሚብስ አዲስ የጀርባ ሕመም ከመጣበት ወጌሻ ሳይነካው ሐኪም ይየው። የአከርካሪ ቲቢም በእኛ አገር ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣልና ምርመራው አይጎዳም።

እናቶቻችን ሲታመሙ አልጋቸው አጠገብ ሆነን «ምን ይሠራልሽ? አጥሚት ይሻልሻል ሾርባ?» እያልን ደጋግመን እንጠይቃለን። ስለ አጥሚቱ የጠየቅናትን ሰው ስለ ገዛ እግሯ መጠየቅ እንዴት ከበደን?