ከባዱን ዜማ ስለ መምረጥ

ሰው በሥራው ሁሉ ሁለት መንገድ ይገጥመዋል፤ አንደኛው እጁ የለመደው፥ ሁለተኛው ገና ሊማረው የሚገባው ነው። ይህ ምርጫ በእርሻም፥ በትምህርትም፥ በጽሕፈት ቤትም የሚገኝ ቢሆንም፥ እንደ ሙዚቃ በግልጥ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው። ማሲንቆውን ይዞ ከሰርግ ዳስ የገባ ባለሙያ በአንዲት ቅጽበት አንዱን ዜማ መርጦ ሌላውን ይተዋልና። ስለዚህ ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀላሉ ዜማ ሕዝቡን የሚያስደስት ሆኖ ሳለ፥ ባለሙያ ብዙ ክፍል ያለውንና አድካሚውን የሚመርጥበት ምክንያት ምንድር ነው? መምረጡስ ትጋት ነው ወይስ ትዕቢት?

አስቀድመን ክብደት ማለት ምን እንደ ሆነ እንለይ። ፈጣን ዜማ ሁሉ ከባድ አይደለም፤ ዝግ ያለውም ሁሉ ቀላል አይደለም። ጣቱ የተባ ወጣት በጥቂት ጊዜ ልምምድ ሰውን የሚያስደንቅ ፍጥነት ሊያገኝ ይችላል። እኛ ከባድ የምንለው ግን ብዙ ክፍል ያለውን፥ ክፍሎቹም አንዱ ለሌላው መልስ የሚሆኑትን፥ አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ትርጕሙን የሚያጣውን ዜማ ነው። እንዲህ ያለው ዜማ ከጣት ፍጥነት ይልቅ ትዕግሥትንና ማስተዋልን ይጠይቃል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ከአገራችን አናጣም። የታወቁት የዘፈን ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ በአምስት ድምፅ የቆመ ሲሆን፥ ልዩነታቸው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። በአንቺ ሆዬ ውስጥ ጠባቡ ርቀት ከሰፊው ጋር እየተፈራረቀ ስለሚመጣ ጀማሪውን በቶሎ ያስታል። ክራር የሚመታ ሰው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ክሮቹን እንደ ገና መቃኘት ይኖርበታል። ማሲንቆ ግን ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው፥ በአንገቱም ላይ ለጣት የተሠራ ምልክት የሌለው ስለ ሆነ፥ ጣቱ የት እንደሚያርፍ የሚመራው ጆሮ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያች በአንዲት ክር ላይ ቅኝት ለውጦ፥ ምቱንም ከዝግታ ወደ እስክስታ አሻግሮ፥ ወደ ተነሣበት ሳይስት የሚመለስ ተጫዋች የዓመታትን ድካም በጥቂት ደቂቃ ያሳየናል።

በቤተ ክህነት ትምህርትም ይኸው ይገኛል። የአቋቋም ሊቃውንት አንዱን ዜማ በአንድ መልክ ብቻ አይዘልቁትም፤ በቁም ያዜሙታል፥ በመቋሚያ ይዘምሙታል፥ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይጨምሩበታል፥ በጽፋትም ምቱን ያፋጥኑታል። ቃሉ ያው ሲሆን፥ እጅና እግር በየክፍሉ ሌላ ሥራ አላቸው። ይህን አሟልቶ ለማወቅ ተማሪው ብዙ ዓመት ይደክማል። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ለብቻው የሚያሸበሽብ የለም፤ አንዱ ቢቸኩል የሁሉም ሽብሸባ ይበላሻልና። ስለዚህ ከባዱ ዜማ ከሁሉ አስቀድሞ ከባልንጀራ ጋር አብሮ መቆምን ያስተምራል ማለት ነው።

ከባሕር ማዶም ብንመለከት፥ የአየርላንድ ሕዝብ የጭፈራ ዜማዎች አብዛኞቹ ሁለት ክፍል ብቻ ያላቸው ናቸው፤ እያንዳንዱም ክፍል እየተደገመ ይጫወታል። ይሁን እንጂ ሦስት፥ አራትና ከዚያም በላይ ክፍል ያላቸው አይጠፉም፤ «ዘ ባክስ ኦቭ ኦራንሞር» የሚባለው ዝነኛ ዜማ አምስት ክፍል አለው። በዚያ አገር ተጫዋቾች በመጠጥ ቤት ወይም በሰው ቤት ተሰብስበው በአንድነት ስለሚጫወቱ፥ አንዱ ረጅሙንና ከባዱን ባነሣ ጊዜ የማያውቁት መሣሪያቸውን አውርደው ያዳምጣሉ። ጥያቄያችን የሚከረው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሰው ባልንጀሮቹን አስተማረ ወይስ ዝም አሰኘ?

በእኛ አስተያየት ትጋትን ከትዕቢት የሚለዩ ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛው፥ ትጉህ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ በቤቱ ይከፍላል፤ ትዕቢተኛው ግን ያልበሰለውን ዜማ ወደ አደባባይ አውጥቶ አድማጩን ዕዳ ያስከፍለዋል። ሁለተኛው፥ ትጉህ ሰው የሚጨፍረውን እግር አይረሳም፤ ጨፋሪው ከቆመ የጭፈራ ዜማ ምንም ያህል ቢራቀቅ ሥራው ቀርቷልና። ሦስተኛው፥ ትጉህ ሰው የተጫወተውን ያስተምራል፤ ትዕቢተኛው ግን ብቸኛ ዐዋቂ ሆኖ ለመኖር ሲል ይደብቀዋል። ያው አንድ ዜማ በአንዱ እጅ ስጦታ፥ በሌላው እጅ ዱላ ሊሆን የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው «ሕዝቡ የሚወደው ቀላሉን ነው፤ ባልተፈለገ ነገር መድከም ለምን?» ይለን ይሆናል። በእርግጥ ዛሬ በብዙ የሰርግ ዳስ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ የማሲንቆውን ቦታ ወስደዋል፤ ምቱም በመሣሪያው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። እኛ አዲስ መሣሪያን አንነቅፍም። ነገር ግን ሰው ሊወድ የሚችለው የሰማውን ብቻ ነው። ከባዱን ሳያሰሙት «አይወደውም» ብሎ መፍረድ፥ ሕዝብን ማክበር ሳይሆን ሕዝብን መናቅ ነው።

ይህ ነገር ከጨዋታ ያለፈ መሆኑን ለመረዳት ወደ ይፋት እንውረድ። ከጣርማ በር ቁልቁል ሸዋ ሮቢትን አልፎ አጣዬ የሚደርስ መንገደኛ አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ የሚጎራበቱበትን ቆላ ያገኛል። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ምት ብቻ የሚያውቅ ተጫዋች የራሱን ወገን ያስጨፍራል፤ ጎረቤቱን ግን ተመልካች አድርጎ ያስቀራል። ከአንዱ ምት ወደ ሌላው የሚሻገረው ረጅም ጨዋታ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የጎረቤትን እግር ለብዙ ጊዜ አስተውሎ መመልከትን ይጠይቃል። በዚህ ስፍራ ከባዱን መምረጥ ጎረቤትን መምረጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት ብዙ ቤቶች የተቃጠሉባት ከተማ ናት። የተቃጠለ ቤት ልኩ ከታወቀ ዳግመኛ ይሠራል፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ ዜማ ግን ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ የሚሠራበት ልክ አይገኝለትም። ሰው ሲበተን፥ ሰርግም ሲቋረጥ፥ ቀድሞ የሚጠፋው ከባዱ ነው፤ ቀላሉን ማንም ያስታውሰዋልና። ከባዱም ሲጠፋ ጎረቤት ከጎረቤት የተማማረበት ድካም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ የአንድ ተጫዋች ምርጫ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ያልመረጠውን ዜማ ልጆቹ ሊመርጡት አይችሉምና።

እንግዲህ መምህር ለተማሪዎቹ ከቀላሎቹ መካከል አንድ ከባድ ዜማ ይስጣቸው፥ ክፍሉንም እየከፈለ በትዕግሥት ያስጠናቸው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በዓል የሚያዘጋጅ ሹም አጭሩንና ሞቅ ያለውን ብቻ ሳይሆን፥ ረጅሙን ዐውቆ ለሚጫወተው ሽማግሌም ሰዓት ይመድብለት፤ በአጠገቡም አንድ ወጣት ያስቀምጥለት። ተማሪም ከባዱን ለመምረጥ ሲነሣ «ማን ያደንቀኛል?» ሳይሆን «ማን አብሮኝ ይጨፍራል? ለማንስ አስተላልፈዋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ሰው ሳይፈራ ከባዱን ይምረጥ፤ መልስ ያላገኘ ግን ቀላሉን በሚገባ ቢጫወት ይሻለዋል።