ዝም አይነቅዝም፤ ግን እስከ መቼ?

«ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው ጎተራ የሚያውቅ ሰው ነው። እህል ሲከርም ነቀዝ ይገባበታል፤ ውስጡ ተበልቶ ገለባው ይቀራል። ያልተነገረ ነገር ግን የሚበላው የለም፤ ዛሬ ባይወጣ ነገ ይወጣል፣ ነገ ባይወጣ ለከርሞ ይደርሳል። የተነገረውን ደግሞ የሚመልሰው የለም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህን የተረቱት አባቶች በሹም ደጅና በዳኛ ፊት ስንቱ በገዛ አንደበቱ ሲጠፋ አይተዋል። ምክሩ የከበደ ምክር ነው፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

እኔ ልፈትነው የምፈልገው ግን በደግ አለቃ ፊት ነው። ለክፉ አለቃ ዝም ማለት አያስጨንቅም። ደግ ሲሆን ነው ነገሩ የሚከብደው።

አርባ ምንጭ ላይ እንየው። ሲቀላ ሰፈር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ባንዱ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ሥራውን ያስተማሯት ሥራ አስኪያጇ ናቸው። እናቷ ጨንቻ ላይ የታመሙ ጊዜ ደመወዟን ሳይቆርጡ ፈቃድ የሰጧት፣ የመሳፈሪያም የጨመሩላት እሳቸው ናቸው። አሁን አዲስ አበባ ሌላ ሥራ አመልክታ ፈተናውን አልፋለች፤ ጥሪው ገና አልመጣም። በየማለዳው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ስትላቸው ሆዷ ይረበሻል። መቼ ትንገራቸው?

ሕጉ ለዚህ አጭር መልስ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ ሊለቅ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድ የሚጠየቀው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ግን እንደ ሠራተኛው የአገልግሎት ዘመን ከአንድ እስከ ሦስት ወር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሚዛኑ እኩል ያልሆነው በምክንያት ነው፤ እንጀራው የሚቋረጥበት ሠራተኛው ነውና። ስለዚህ ልጅቷ ጥሪው እስኪመጣ ዝም ብትል ሕግ አልጣሰችም፤ በእኔ ሚዛን ውለታም አልበላችም። ማመልከት ምኞት ነው። ምኞትን ለአለቃ የመናዘዝ ግዴታ የለባትም።

እንዲያውም ቀድሞ መናገር ሰውየውን የሚጎዳበት መንገድ አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ደግ አለቃ ብዙውን ጊዜ ራሱ ተቀጣሪ ነው፤ ከበላዩ ባለቤት አለ። ልጅቷ ገና ባልተጨበጠ ነገር «ልሄድ ነው» ስትላቸው ሸክሙን ወደ እሳቸው ታዛውራለች። ለባለቤቱ ቢናገሩ ልጅቷ ሥራ ሳትይዝ ሥራ ልታጣ ነው። ደብቀው ቢይዙት ደግሞ በገዛ አሠሪያቸው ላይ ምስጢር ቋጠሩ። ደግነታቸው ወጥመድ ሆነባቸው ማለት ነው። እዚህ ድረስ ተረቱ እውነት ነው፤ ዝምታዋ አልነቀዘም፣ እሷንም ጋሼንም ጠብቋል።

ከጥሪው በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውሉን ፈርማ፣ የምትጀምርበትን ቀን አውቃ፣ አሁንም ዝም ብትልስ? አርባ ምንጭ ወደ ኮንሶና ወደ ጂንካ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያድርባት ከተማ ናት፤ ገናና ጥምቀት ሲደርሱ የእንግዳው ብዛት ይጨምራል። ሥራ አስኪያጁ ለዚያ ወቅት ሲዘጋጁ እሷን ቆጥረው ነው የሚዘጋጁት። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ «ሰው አለኝ» ብለው ይመልሳሉ። አዲሱን የሒሳብ ፕሮግራም እንድትማር ሊልኳት ስሟን ይጽፋሉ። እሷ ይህን ሁሉ እያየች ዝም ካለች ዝምታው የእሷ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የሌላ ሰው ጊዜና ገንዘብ እየበላ ነው፤ ነቀዙ ገብቷል።

ይህን ልዩነት የጋሞ ምድር ከብዙዎቻችን በላይ የሚያውቀው ይመስለኛል። በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባል እምነት አለ። ከወግ የወጣ ሰው ጥፋቱን ሸሽጎ ሲኖር ችግሩ ለቤተሰቡና ለአገሩም ይተርፋል ተብሎ ይታመናል፤ መፍትሔውም ወደ ሽማግሌዎች ቀርቦ መናገር ነው። ሥራ መልቀቅ በእርግጥ ጎሜ አይደለም። ነገር ግን እምነቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ለእኛም ተረት ማሟያ ይሆናል። አማርኛው ተረት «ብናገር እኔ ምን እሆናለሁ?» ሲል፣ ጎሜ «ብደብቅ ሌላው ምን ይሆናል?» ይላል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው አስቆሙት። የዚያን ቀን ክብደት ከአንዲት ሠራተኛ ጭንቀት ጋር የማወዳድር አይደለሁም። የማነሣው ስለ ሰዓቱ ነው፦ ቃላቸው የሠራው እጅ ከመሰንዘሩ በፊት ስለደረሰ ነው። ከጥፋት በኋላ ለእርቅ ቢቀመጡም ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን የዳነው ሰው አይድንም ነበር።

የእኛው ተረትም ቢሆን ብቻውን አልተተወም። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» የሚል መላሽ አለው።

እንግዲህ ከምኞት ወደ ቁርጥ የሚሻገርበት ቀን ከታወቀ፣ የቀረው ስንት ቀን ቀድሞ መንገር ነው። ሠላሳው ቀን የሕጉ ወለል ነው፤ ለደግ አለቃ ከዚያ በላይ መስጠት ይገባል ባይ ነኝ። መለኪያው ሥራው ራሱ ነው። ዶርዜ ላይም ሆነ ሽሮ ሜዳ፣ ድር ዘርግቶ ጋቢ የጀመረ ሸማኔ ጋቢው አልቆ ሳይቆረጥ ቢነሣ፣ ተተኪው የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን የእጁ አመታት ይለያል፤ ልዩነቱ ጨርቁ ላይ ይታያል። ለመምህር ይህ ቁርጥ የሴሚስተር መጨረሻ ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛዋ የወሩ ሒሳብ የሚዘጋበትና የእንግዳው ወቅት የሚያልፍበት ነው። አዲሱ አሠሪ ቀኑን እንዲገፋላት መጠየቅም ትችላለች፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው «አይሆንም» ብሎ የሚደመድመው።

ደግሞ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። አርባ ምንጭ ሰፊ ከተማ አይደለችም፤ ጠዋት ሲቀላ ለወጥ ቤቷ ሠራተኛ የተነገረ ከምሳ በፊት ሴቻ ሰፈር ይደርሳል። መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ብቻቸውን ባሉበት፣ በአፍ ትንገራቸው። ምስጋናዋንም እዚያው ትናገር፤ በደብዳቤ ብቻ የመጣ ምስጋና ይቀዘቅዛል። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ ጥምቀት እቆያለሁ፤ የሚተካኝን ሰው አስተምሬ ነው የምሄደው» ብትል ይበቃል። ከዚያ ደብዳቤው ይከተል፤ ሕጉ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃልና። እስከምትወጣበት ቀን ድረስ ውሉ እንደጸና ነው፤ እሷም ትሠራለች፣ ደመወዟም ይከፈላል።

ደግ ሰውም ቢሆኑ ጋሼ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ያም መብታቸው ነው። «ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» ይሏት ይሆናል። ጥሪው በመጣ ማግስት የነገረቻቸው ከሆነ ዓይናቸውን እያየች «አልተቆረጠም ነበር ጋሼ፤ የተቆረጠው ትናንት ነው» ትላቸዋለች። ወር ሙሉ ደብቃ ከሆነ ግን ይህን መልስ ልትሰጥ አትችልም።