የዳኛው ፊሽካና የተመልካቹ ሚዛን

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት ሲጣሉ ጉዳያቸው ከዋርካ ሥር ለሽማግሎች መቅረቡ የቆየ ልማድ ነው። በጠቡ መካከል አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ የተነሣው ዱላ ካለበት ይቆማል። በድሮው ዘመንም ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ ዳኛ ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር። ባላጋራዎች ሆነው ሳለ አብረው መጓዛቸው ከሁለቱም በላይ የሆነ አንድ ነገር መኖሩን በማመናቸው ነው። ይህንንም እምነት ሕዝቡ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገሩ አጽንቶታል።

ይህ ምሳሌ በችሎት አደባባይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ከተሞች፣ ታላቅ ግጥሚያ በሚኖርበት ቀን በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው የእግር ኳስ ወዳጅም ሳያውቀው ይኖርበታል። ቡድኑ በግልጽ ተበልጦ ሦስት ለባዶ ሲረታ አዝኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ውሎ ሲያድርም ይረሳዋል። አንዲት ግብ በዳኛው ውሳኔ የተነፈገች እንደ ሆነ ግን ዓመታት አልፈውም ቁስሉ አይሽርም። በቅሎዋን ረስቶ ስለ ጭብጦዋ ያለቅሳል። ታዲያ ይህ ኀዘን ከፍትሕ ፍቅር የመነጨ ነውን? ወይስ ራስ ወዳድነት የፍትሕን ካባ ደርቦ የወጣበት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የኢትዮጵያና የናይጄሪያ ግጥሚያ ተጨባጭ ምሳሌ ይሆናል። ኢትዮጵያን ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የሚለዩዋት ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ከኢትዮጵያ ወገን የተመታው ኳስ የግቡን መስመር አልፎ ሳለ ተመልሶ ወጣ ተብሎ ብዙ ተጮኸ፤ ዳኞቹ ግን ግብ ነው አላሉም። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ ቢያስቆጥርም፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አንዱን በጨዋታ፣ ሁለተኛውን በማብቂያው ላይ በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ ናይጄሪያ 2 ለ 1 ረታች። ኅዳር 7 ቀን ደግሞ በካላባር 2 ለ 0 አሸንፋ ተስፋውን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ «ያቺ ግብ ተቆጥራ ቢሆን ኖሮ» ይላል፤ የሁለቱ ጨዋታዎች ድምር 4 ለ 1 መሆኑን ግን እምብዛም አያነሣም።

ሆኖም በዚያው የማጣሪያ ጉዞ ውስጥ ሌላም ፍርድ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስትረታ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ተገኘ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ በአዲስ አበባ ተሸንፋ ሕዝቡ በደስታ ሲፈነድቅ የጥፋቱ ወሬ ደረሰ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ በላብ የተገኘው ሦስት ነጥብም ተቀነሰ። ቅጣቱ መራራ ቢሆንም በፍርድ የሄደች በቅሎ ነበረችና ቡድኑ ዳግመኛ ተነሥቶ፣ ጳጉሜን 2 ቀን በብራዛቪል የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ረትቶ የምድቡ አንደኛ ሆነ።

እንግዲህ ያቺ የተነፈገችው ግብ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ነበረችን? እዚህ ላይ ምሳሌው ያልዘረዘረውን ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። ያለ ፍርድ መቀማት አንድ ነገር ነው፤ በተሳሳተ ፍርድ ማጣት ሌላ ነው። ዳኛው ነገሩን የሚያየው አንድ ጊዜ፣ ከአንድ አቅጣጫ፣ እየሮጠ ነው፤ ተመልካቹ ግን ተደጋግሞ በሚታይ ምስል ይፈርዳል። ስሕተትን ሁሉ «ተገዝቷል» ብሎ የሚጠራ ሰው ቅን ዳኛን ከጉበኛ ጋር በአንድ ገመድ ያስራል፤ እውነተኛው ጉበኛ በተገኘ ጊዜም የሚጠራበት ቃል ያጣል።

ይህ ማለት ግን ተበደልሁ ባይ ዝም ይበል ማለት አይደለም። ሰኔ 20 ቀን 2002 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ እንግሊዛዊው ፍራንክ ላምፓርድ በጀርመን ላይ የመታው ኳስ መስመሩን በግልጽ አልፎ ሳለ ሳይቆጠር ቀረ። ያ ጩኸት የዳኛን ራስ ሳይሆን የሚዛንን መታረም ጠየቀ፤ ኢትዮጵያ ሳትደርስበት በቀረችው በ2006ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫም ኳስ መስመር ማለፉን የሚለይ መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ እነዚያው እንግሊዞች በ1958 ዓ.ም. በዌምብሌይ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ መስመር ማለፉ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የጂኦፍ ኸርስት ግብ በጀርመን ላይ ሲቆጠርላቸው ዋንጫውን በደስታ አንሥተዋል። መሣሪያ ዐይንን ያርማል፤ ኅሊናን ግን አያርምም።

የተመልካቹም ፈተና ይኸው ነው። በዚያች የጥቅምት ቀን ኳሱ ያለፈው የኢትዮጵያን መስመር ቢሆንና ዳኛው ባያየው ኖሮ፣ በቡሬው ሻይ ቤት «በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው ይገኝ ነበርን? ካልተገኘ ልቅሶው ስለ ፍርድ ሳይሆን ስለ ጭብጦዋ ብቻ ነው።

የጎጃም ገበሬ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲል፣ ሜዳ ላይ ሁሉም ለጨዋታው ሕግ እኩል መሆኑን መግለጹ ነው። ይህን ውርስ ሕያው ማድረግ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው፣ ሕዝብን የሚመራውም ሁሉ ድርሻ ነው። የፍርድ ፍቅር የሚጀምረው ከስታዲየም ሳይሆን ከትምህርት ቤት ሜዳ ነው፤ ፊሽካ ሳይነፋ፣ ማንም ሳያየው፣ «ኳሱ እጄን ነክቶኛል» ብሎ የሚቆም ልጅ ባለበት።