ስለ ተጻፈ ዕዳና ስላልተጻፈ ዕዳ

ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ለመክፈል ቢቸኩል ምስጋና እንጂ ነቀፋ አያገኝም። ተበድሮ የሚዘገይ ብዙ፥ ከቀኑ አስቀድሞ የሚከፍል ግን ጥቂት ነውና። ዳሩ ግን መልካም ሥራ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ሁልጊዜ ሠሪው ብቻውን አይከፍለውም። ስለዚህ በአንድ ሰው ደመወዝ የሚተዳደር ቤተ ሰብ የሃያ ዓመቱን የቤት ዕዳ በዐሥር ዓመት ለመጨረስ ሲነሣ፥ ችኮላው መልካም መሆኑን ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ማን እንደሚከፍለው መመርመር ይገባል።

መያዣ ሰጥቶ መበደር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን በወለድ አግድ ይሰጥ ነበር፤ አበዳሪውም ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በወለድ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላ ነበር። በዛሬው የባንክ ብድር ነገሩ ተገልብጧል። ተበዳሪው በቤቱ ይኖራል፤ አበዳሪው ደግሞ ከተበዳሪው የወር ደመወዝ ይበላል። በመዝገብ መያዣ ሆኖ የተጻፈው ቤቱ ቢሆንም፥ በውነቱ ፍሬ የሚሰጠው መሬት የሰውዬው ጉልበት ነው።

ኮንዶሚኒየም የተባለው የጋራ መኖሪያ ቤት በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በገርጂ ከተሞከረ በኋላ፥ ይህ ዓይነቱ ዕዳ ወደ ብዙ ሰው ቤት ገባ። ሕዝቡ በ1997 ዓ.ም. እንደገናም በ2005 ዓ.ም. ተመዘገበ። በ20/80 ሥርዐት ዕጣ የወጣለት ሰው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን ቈጥቦ ይከፍላል፤ የቀረውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተበድሮ በረዥም ዓመታት ይመልሳል። በጀሞም ሆነ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ በየማታው ያን ደረጃ የሚወጣው ብዙ ሰው፥ የቤቱን ቍልፍ በኪሱ ይዞ የቤቱን ዕዳ በልቡ ተሸክሞ ይወጣል። ከነዚህም መካከል ባል ብቻ ወይም ሚስት ብቻ ደመወዝ የሚያገኙባቸው፥ ወይም አንዲት እናት ብቻዋን ልጆቿን የምታሳድግባቸው ቤቶች አሉ።

እንዲህ ያለው ሰው ለምን እንደሚቸኩል በቍጥር ሲታይ ይገለጣል። አንድ ሰው 300,000 ብር በዓመት 9.5 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደረ ቢባል፥ በየወሩ እኩል የሚከፍለው 2,796 ብር ያህል ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 2,375 ብሩ ለወለድ ይሄዳል፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 421 ብር ብቻ ነው። እንዲሁ እስከ ፍጻሜው ቢጓዝ ለወለድ ብቻ 371,000 ብር ያህል ይከፍላል፤ ይኸውም ከተበደረው ይበልጣል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር ቢጨምርና ጭማሪው ከዋናው ዕዳ ላይ ቢታሰብለት፥ ዕዳው በዐሥር ዓመት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ወለዱም ወደ 173,000 ብር ይወርዳል። ወደ 200,000 ብር የሚጠጋ ገንዘብ ዳነ ማለት ነው። ይህን ቍጥር ያየ ባለዕዳ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ከቍጥሩም በላይ የልብ ነጻነት አለ። ዕዳ ያለበት ሠራተኛ አለቃው ቢበድለው አፉን ይዞ ይቀመጣል፤ ሥራውን ቢለቅ የወሩ ክፍያ ወዴት ይደርሳልና። ዕዳውን የጨረሰ ሰው ግን ቀና ብሎ ይናገራል፥ ቀና ብሎም ይሄዳል። አንድ ደመወዝ ብቻ ባለበት ቤት ይህ ፍርሃት እጥፍ ነው፤ ምሰሶው አንድ የሆነ ቤት ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ይሠጋል።

ወለድን መሸሽም የሚነቀፍ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፥ በወለድ የሚያበድር ካህን ከማዕርጉ እንዲሻር በቀኖና ደንግገዋል። የፍርዱን አቅጣጫ ግን ማስተዋል ይገባል። ቀኖናው የወደቀው ወለድ በሚቀበለው ላይ ነው እንጂ ተቸግሮ በሚከፍለው ላይ አይደለም። ስለዚህ ባለዕዳው ውሉን ጠብቆ በየወሩ እስከ ከፈለ ድረስ፥ ኃጢአቱን እንደሚያጥብ ሰው በድንጋጤ ሊቸኩል አይገባውም። መበደሩ ነውር አይደለም፤ ውሉን ማፍረስ ግን ነውር ነው።

እንግዲህ ያ በየወሩ የሚጨመረው 1,000 ብር ከወዴት ይመጣል? ደመወዝ አንድ ከሆነ፥ ጭማሪውም የሚመጣው ከዚያው ከአንዱ መሶብ ነው። መጀመሪያ ሥጋው ይቀራል፤ ቀጥሎ የልጆቹ ወተት ይቀጥናል፤ ከዚያ የሚስቲቱ ጫማ ሳይለወጥ ይከርማል፤ በገጠር ላለችው አሮጊት እናት በየወሩ ይላክ የነበረው በየሦስት ወር ይሆናል፤ በመጨረሻም የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱን ለሚመጣው ወር ያስተላልፋል። ከነዚህ አንዳቸውም በባንኩ መዝገብ አይገኙም። ባለደመወዙ የሚያየው የዕዳው ቍጥር መውረዱን ነው፤ ሕፃኑ የሚያየው የመሶቡን መጕደል ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ትልቅ ስሕተት ይገባል። ደመወዝ የሚቀበለው እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቍጠባውም የእርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ «ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አወጣጡንም እኔ ዐውቃለሁ» ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ሀብታቸው መሆኑን ይናገራል፤ የጋራ የሆነውን ቤት በመያዣ ለመስጠትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ ቤቱን ለዕዳ ለማሰር ሁለቱ ይስማሙ ካለ፥ ከዕዳ ለማስፈታት በሚደረገው ጾም ደግሞ ሁለቱ ሊስማሙ አይገባምን? ወጥ የምትሠራው፥ ልጅ የምታጥበው፥ አንዱን ኪሎ ሽንኵርት ለሦስት ቀን የምታብቃቃው ሚስት ደመወዝ የላትም እንጂ ሥራ የሌላት አይደለችም። ከመሶቡ የተረፈው ገንዘብ የእርሷ ቍጠባ ነው። ስለዚህ «አንድ ደመወዝ» የሚባለው በሒሳብ አንድ ቢሆንም በድካም ሁለት ነው።

ሌላው የሚያስፈራው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ወደ ግድግዳ የገባ ገንዘብ በችግር ቀን በቶሎ አይወጣም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 97 ዐዋጅ፥ ባንክ በውል የተስማማ እንደሆነ ተበዳሪው ክፍያ ሲያጓድልበት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ አንድ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ያለውን ሁሉ ለባንኩ ሲጨምር ቈይቶ በእጁ ምንም ሳያስቀር ቢታመም ወይም ከሥራው ቢወጣ፥ ውሉ ካልፈቀደለት በቀር ያለፈው ትጋቱ የሚመጣውን ወር አይከፍልለትም። ባንኩ የሚጠይቀው ያለፈውን ዓመት ትርፍ ሳይሆን የዚህን ወር ክፍያ ነው። ለስድስት ወር እህልና ክፍያ የሚበቃ ገንዘብ በእጁ ያኖረው ጎረቤቱ ግን፥ ዕዳው የበዛ ቢሆንም ቤቱን ያድናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት በዚህ ነገር ትታሰባለች።

የገንዘብ ዋጋ መውደቅም ሊረሳ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዘመን በብር የተጻፈ ዕዳ ሳይነኩት ይቀልላል፤ እህልና መድኃኒት ግን በየቀኑ ይከብዳል። ዘጠኝ ከግማሽ በመቶ የሚወልደውን ዕዳ ለማጥፋት ብሎ በሠላሳ በመቶ የሚወደደውን ጤፍ ሳይገዛ የሚቀር ሰው በሒሳብም ተሳስቷል። በቀለለው ብር መክፈሉ ማታለል ነውን? አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በብር ተዋውለዋል፤ ብሩ ቢከብድ ኖሮ ባንኩ ዕዳውን አይተውለትም ነበር።

የነገሩ ሥር ግን ከሒሳብ ይጠልቃል። ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ዕዳ አለበት። አንዱ የተጻፈ ዕዳ ነው፤ ቀን፥ ቍጥር፥ ፊርማና ማኅተም አለው። ሁለተኛው ያልተጻፈ ዕዳ ነው፤ ለልጅ ምግብና ትምህርት፥ ለትዳር ጓደኛ ዕረፍት፥ ለወላጅ ጡረታ፥ ለታመመ ጎረቤት ጥየቃ። የተጻፈው ዕዳ ጠያቂ አለው፤ ቢዘገይ ደብዳቤ ይመጣል። ያልተጻፈው ዕዳ ግን ጠያቂ የለውም፤ ሕፃን ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፥ አሮጊት እናትም ሐራጅ አታወጣም። ስለዚህም ምክንያት ሰው የሚጮኸውን ባለዕዳ አስቀድሞ ዝም የሚለውን ያዘገያል፤ ይህንንም ሲያደርግ ራሱን እንደ ታማኝ ሰው ይቈጥራል።

ጌታ በወንጌል ፈሪሳውያንን የወቀሰበት አንዱ ነገር ይህን ይመስላል። ለአባትና ለእናት ሊሰጥ የሚገባውን «ቍርባን ነው» ብሎ በስእለት አስሮ ወላጅን ያለ ረድኤት መተው ልማድ ሆኖ ነበር። ስእለቱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ክፋቱ የታየውን ግዴታ ይዞ የተሰወረውን መሻሩ ነው። ለቤተ መቅደስ የተሳሉት ገንዘብ እንኳ ወላጅን ለማስራብ ምክንያት ካልሆነ፥ ለባንክ ከቀኑ በፊት የሚሰጥ ትርፍ ገንዘብ እንዴት ምክንያት ይሆናል?

ይህ ሲባል ግን ዕዳን ቸል ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት የአንዲት መበለት ታሪክ አለ፤ ባሏ ሞቶ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት መጣ። ዘይቷ በበዛላት ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ ሽጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋራ እንድትኖር አዘዛት። ነቢዩ ዕዳውን አስቀድሞታል፤ ነገር ግን ትእዛዙ በዕዳው አላለቀም። ልጆቹ ከባርነት የዳኑት በራብ እንዲሞቱ አልነበረምና። መክፈሉና መኖሩ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ተያይዘዋል።

እንግዲህ በአንድ ደመወዝ የሚኖር ባለዕዳ ሊጠብቀው የሚገባ ተራ አለ። አስቀድሞ የውሉን ክፍያ በቀኑ ይክፈል፤ በዚህ ምክንያት የለም። ሁለተኛ፥ የቤቱን ሰዎች ሲሳይና ጤና ያሟላ፤ ለወላጆቹም የሚገባቸውን አያጓድል። ሦስተኛ፥ ደመወዙ ቢቋረጥ ለጥቂት ወራት የሚያኖር ገንዘብ በእጁ ያስቀር። ከዚህ በኋላ የተረፈውን፥ ከትዳር ጓደኛው ጋራ ተማክሮና ጭማሪው ከዋናው ዕዳ የሚቀነስ መሆኑን ከባንኩ ጠይቆ፥ ዕዳውን ለማሳጠር ያውለው። በዚህ ተራ የሚሄድ ሰው ምናልባት በዐሥር ዓመት ፈንታ በዐሥራ አራት ዓመት ይጨርስ ይሆናል። በነዚያ አራት ዓመታት የሚከፍለው ወለድም በከንቱ የጠፋ አይደለም፤ የልጆቹ ወተት ዋጋ ነው።

ሰው ቤት የሚሠራው ቤተ ሰብ እንዲኖርበት ነው። ግድግዳው ከዕዳ ነጻ ወጥቶ በውስጡ ያሉት ሰዎች ደክመውና ተቀያይመው ቢገኙ፥ የባንኩ መዝገብ ቢዘጋም የሚበልጠው ዕዳ ገና አልተከፈለም።