ከቀለሙ ሥር ያለው ዐይብ

ያገለገለ የላሜራ ማጠፊያ የሚገዛው ባመዛኙ ለአዲስ አቅም ያጠረው፣ ዕቁቡንና የቤተሰቡን ጥሪት አሰባስቦ ወርክሾፕ ሊከፍት የተነሣ ሰው ነው። እኔን የምታሳስበኝ በዚህ ገበያ ‹‹እንዳለ ነው የሸጥኩልህ›› የምትባለዋ ቃል ናት። የማሽኑን አሮጌነት ማንም ያያል፤ ዐይቡ ግን ከቀለሙ ሥር ነው። የተሰነጠቀው አካል ተበይዶ ይቀባል። የሚያፈሰው ዘይት ለዕለቱ ይጠረጋል። አጫጭር ብረት ዘወትር መሐሉ ላይ እየታጠፈበት የተበላ ማሽን ደግሞ በቁራጭ ሲሞከር ደህና ይመስላል፤ ሙሉ ላሜራ ሲገባበት ዳሩና መሐሉ እኩል አይታጠፍም። አንዳንዱ ሻጭ በቁራጭ የሚያስሞክረውም ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው!

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት እንዳገኙ፣ ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸውም ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ፤ የተነቀፈው የእህሉ መርጠብ ሳይሆን መደበቁ ነው። እንግዲያስ የተበላውም ማሽን ይሸጥ፤ ዐይቡ ተነግሮ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሆኖ። ዐይብ የተደበቀበት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው የፊቅህ ሊቃውንት አስቀምጠዋል። ገዢም ቢሆን ሙሉ ላሜራ ይዞ ይሂድ፤ የሁለቱን ዳርና የመሐሉን ማዕዘን ይለካ። ሻጩ ሙሉውን አላስገባም ካለው፣ ምክንያቱን እዚያው ይጠይቀው።